አክስት የላከችው

ልብስ ተኳሿ ጡረታ ከወጣች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ሐሙስ ሐሙስ ሰልባጅ ገበያ ካልወረደች ግን ሳምንቱ የሞላላት አይመስላትም። ሐሙስ አዲስ ቦንዳ የሚፈታበት ቀን ነው። የዛሬው ሐሙስ ደግሞ ምክንያት አለው፤ ሴት ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። እጇን እስከ ክርኗ ክምሩ ውስጥ ከታ ሰባት የሕፃን ልብስ መርጣ አወጣች። ተከራከረች፣ ተቆጥታ ሄደች፣ ተመለሰችና በግማሽ ዋጋ ወሰደች።

«እትዬ፣ ዛሬም በደረቁ ላጩኝ» አለ ሻጩ። ከሃያ ዓመት በላይ ሲላጭ የኖረ ሰው ነው።

ቤቷ ገብታ አጠበች፣ የላላ ቁልፍ ቀየረች፣ ተኮሰች። ዕድሜዋን ልብስ እጥበት ቤት የጨረሰች ሴት ናት፤ እሷ የተኮሰችውን አዲስ አይደለም የሚል ካለ ዓይኑን ይታከም። ሰባቱን አጣጥፋ በቡናማ ወረቀት ጠቀለለችና ቁጭ ብላ አፈጠጠችበት። ልጇ አሁን የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት። አማቶቿ ለምትወለደው ልጅ ከትልልቅ ሱቅ በካርቶን በካርቶን እያወረዱላት ነው። የሰልባጅ ነው ብላት ፈገግ ብላ ትቀበለኝና ቁም ሳጥን ጥግ ትወትፈዋለች ብላ ፈራች። ፈራችና በስልሳ ሁለት ዓመቷ የድሮውን ውሸት ልትደግመው ቆረጠች።

ውሸቱ የተጀመረው እንዲህ ነው። ባሏ ሁለት ልጆች ጥሎባት ሲያልፍ ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነበር። በአንድ ተኳሽ ደመወዝ አዲስ ልብስ የሚታሰብ አልነበረምና ሰልባጅ ታለብሳቸው ጀመር። አንድ ቀን ልጅቷ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። የክፍሏ ልጅ ሹራቧን አገላብጣ አይታ፣ «ይሄ የኔ ነበር፤ እማዬ ናት የጣለችው» ብላት ኖሯል። እናት አንጀቷ አረረ፤ አፏም ከሐሳቧ ቀደመ።

«ሞኝ ናት እሷ። ይሄንን የላከችልሽ ባሕር ማዶ ያለችው አክስትሽ ናት፣ የአባትሽ እህት።»

አባትየው እህት የሚባል ነገር አልነበረውም።

ከዚያ ወዲያ አክስቲቱ ሥራ በዛባት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ዕቃ መላክ አለባት። እናት ሐሙስ በምሳ ሰዓት ከገበያ የመረጠችውን መሥሪያ ቤቷ ታስገባና ሌሎቹ ሲበሉ እሷ እድፉን በሎሚና በጨው ታስለቅቃለች፣ ኮሌታውን በስታርች ታቆማለች፣ በእንፋሎት ካውያ ትደፈጥጠዋለች። አሠሪዋ ከሚጥለው ፖስታ ላይ የውጭ አገር ቴምብር ልጣ ጥቅሉ ላይ ትለጥፋለች። ልብሱ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ይሰፋል። «አክስታችሁ አላየቻችሁም፣ በግምት ነው የምትልከው፤ ደግሞ ታድጉበታላችሁ» ትላለች። ታናሽየው ሱሪው ሁለቴ ታጥፎም መሬት ሲጠርግ፣ «ትልቅ ሰው መስዬአት ነው» ብሎ ይኮራ ነበር። በሰፈሩ እነሱን የሚያህል ዘናጭ አልነበረም። ጎረቤቶቹ ሳይቀሩ ለኛም እንዲህ ያለች አክስት በሰጠን ይሉ ነበር።

ልጅቷማ ካላመሰገንኳት አለች። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ደብዳቤ ትጽፋለች። እናት ጮክ ብላ ታነበውና ፊደሉን ታርማለች፤ ነገ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ ብላ ትወስዳለች። እናት ዛሬ ያን ዘመን ስታስበው ችግሩ ትዝ አይላትም። ትዝ የሚላት ጥቅሉ ሲፈታ ሁለቱ ልጆች እየተሻሙ ጭንቅላት ለጭንቅላት ሲጋጩ ነው። እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም፤ ትናፍቀዋለች።

እሑድ ልጇ መጣች። እግሯ አብጧል፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ሶፋው ላይ ዘፍ አለች።

«ይሄ ምንድን ነው እማ?»

«አክስትሽ ናት የላከችው» አለች እናት፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ልጅቷ ጥቅሉን ፈታች። አንድ በአንድ እያነሣች ዘረጋቻቸው። ትንሿን ነጭ ሹራብ አፍንጫዋ ላይ ይዛ ቆየችና፣ «ወረቀት አለሽ? ልጻፍላት» አለች።

እናት ክው አለች። ይህን የሚያህል ሰው ሆና፣ ስንቱን እያዘዘች፣ እስካሁን ታምናለች ማለት ነው? ልጄን አሞኝቼ አስቀረኋት ብላ አፈረች። ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣችላት። ልጅቷ ብዙ ጻፈችና አቀበለቻት።

«በይ እንደ ድሮው አንብቢና ፊደሉን አርሚልኝ።»

እናት መነጽሯን አጠለቀች፤ ጮክ ብላ ጀመረች።

«ለምወድሽ አክስቴ፦ የላክሽው ልብስ ደርሶኛል። ሳልነግርሽ የኖርኩት ነገር አለ። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ መምህራችን ታማ በጊዜ የተለቀቅን ቀን፣ ሰልባጅ ገበያ ውስጥ አይቼሻለሁ። ተንበርክከሽ ስለ አንድ ቢጫ ቀሚስ ትከራከሪ ነበር። ሻጩ አልቀንስም ሲልሽ የራስሽን ሹራብ አውልቀሽ ጨመርሽለት። በሳምንቱ ቀሚሱ ከባሕር ማዶ መጣ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እዚህ ቤት ግን ጠርቶ ካበቃ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ያልሰማችው የውሸቱ ባለቤት ብቻ ናት። እናት ማንበቧን ቀጠለች።

«ከዚያ በኋላ የጻፍኩትን ሁሉ ማን እንደሚያነበው አውቄ ነው የጻፍኩት። ዘንድሮ ጫማ አትላኪልኝ፣ ያለኝ በልኬ ነው ያልኩሽ ዓመት፣ ልኬ አልነበረም።»

ከዚህ በላይ ማንበብ አልቻለችም። ያን ደብዳቤ አልረሳችውም። ታናሽየው ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል የተኛበት ዓመት ነበር። ያቺን ቃል አንብባ፣ ተመስገን፣ አንዱ ወጪ ቀረልኝ ብላ ነበር። የልጇን እግር ለማየት ጎንበስ አላለችም።

«እስከ መቼ አደረግሽው?»

«ዓመቱ እስኪያልቅ። ስሮጥ አወልቀው ነበር።»

«ምነው ታዲያ ብትነግሪኝ?»

«ብነግርሽ አክስቴ ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ» አለች ልጅቷ። «ያን ጊዜ ደብዳቤ የምጽፍላት ሌላ ማን ነበረኝ? አንቺ ማታ ደክሞሽ ትገቢያለሽ፤ የምነግርሽ በሷ በኩል ነበር።»

እናት አለቀሰች። ልጆቼን ብቻዬን ተሸከምኩ ብላ ስትመካ ኖራለች፤ ለካ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ከሥር ሆና ስታግዛት ነበር።

ልጅቷ ነጩን ሹራብ አጣጥፋ የራሷ ቦርሳ ውስጥ ከላይ አስቀመጠችው።

«ልጄ ሆስፒታል መጀመሪያ የምትለብሰው ይሄን ነው» አለች። «ለሷ ግን አክስት አንፈጥርላትም። አያቴ ከሰልባጅ መርጣ አመጣችልኝ ትበል።»