የአንባቢዋ ተራ

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እግሮቿ ስለማይታዘዙላት የስፌት መኪናዋን በእጅ እያዞረች ትሰፋለች፤ የምትንቀሳቀሰውም በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የጸሎት ቤታችን መዘምራን የሚለብሱትን ሁሉ የሰፋችው እሷ ናት። ከፊት ወጥታ ቃሉን እንድታነብ ግን ማንም ጠርቷት አያውቅም።

እሷ ደግሞ አንዴ ከያዘች አትለቅም። የንባብ ተራ የሚያወጣውን አስተባባሪ በየሳምንቱ በር ላይ እየጠበቀች ትጠይቀዋለች፤ እሱም እናያለን እያለ ይሸኛታል። እኔ ብሆን ልክ ልኩን እነግረው ነበር። በመጨረሻ ሰልችቶት ፈቀደላት፤ ሥርዓቱ ከተረበሸ ግን ሁለተኛ እንዳትጠይቀው አስጠነቀቃት።

ቀኑ ደርሶ አንባቢ ሲጠራ፣ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ወንበሯን እየገፋች ወደ ፊት ሄደች። እኛ ዘንድ ወደ ፊት የሚወጣው ወይ አገልጋይ ነው፣ ወይ የሚጸለይለት ሰው ነው። እሷን ያየ ሁሉ ለጸሎት የመጣች መሰለው። መድረኩ ሥር ስትደርስ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ብድግ ብለው እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ቤቱ በሙሉ ስለ እግሯ ይጸልይ ጀመር። አስተባባሪው ተረኛዋ እሷ መሆኗን እያወቀ አቀርቅሮ ቆመ። ደሜ ፈላ። ልነሳ ስል እህቴ ዞር ብላ በዓይኗ አስቀመጠችኝ።

ጸሎቱ ጋብ እስኪል ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ግን የመጣሁት ላነብ ነው" አለቻቸው።

የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቀረ። ከኋላ አንዱ ተሸክመን መድረኩ ላይ እናውጣት ሲል ጎረምሶቹ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እህቴ የወንበሯን ጎማ ቆለፈች።

"ዕቃ አይደለሁም። ድምፅ ማጉያው ይውረድልኝ።"

አስተባባሪው ቃሉ የሚነበበው ከመድረክ ነው ብሎ አጉረመረመ። እሷ መጽሐፉን ገልጣ ጠበቀች። እኔ ተጨነቅሁ፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ሽማግሌው ራሳቸው ጉልበታቸውን እየደገፉ ደረጃውን ወጡ፤ ማጉያውን ነቅለው ወርደው አፏ አጠገብ ያዙላት። እስክትጨርስ ድረስ አላወረዱትም። አንድ ቃል ሳትሳሳት አነበበች። አልቅሻለሁ፤ ምን ይደበቃል።

ሕዝቡ ሲበተን አስተባባሪውን እንደ ልማዷ በር ላይ ያዘችውና ቀጣዩ ተራዋ መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። ፊቱን አኮሳተረ።

"ሌላውም እየጠበቀ ነው እኮ። እንደማንኛውም ሰው ተራሽ ሲደርስ ትጠሪያለሽ" ብሏት ሄደ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት እህቴ ክንዴን ጨበጠችው። ፊቷ በርቷል።

"ተይው" አለችኝ። "እንደማንኛውም ሰው አለኝ፤ ሰማሽው?"