ለሳህሌ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሳህሌ በሩን ሲከፍት ሦስት ሰዎች በዝናብ በስብሰው ቆመዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ደምሴ ነበር። መጀመሪያ ሳቁ መጣ። ቀጥሎ ደሙ ፈላ።

ሽማግሌ እንደሚላክበት ያውቅ ነበር። ሴት ልጁ ብሩክታዊት በስልክ “አባባ፣ እኔን እምቢ ካልክ ሽማግሌ እልክብሃለሁ” ብላ ዝታበታለች። ሳህሌ በኦክላንድ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የአንድ ሆቴል የእንግዳ ማመላለሻ ሸትል ሲነዳ ኖሮ ባለፈው መኸር ጡረታ ወጥቷል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። የቀረ ዕድሜዬን ታይላንድ ውስጥ፣ ሁዋ ሂን በምትባል ጸጥ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ልኑር ቢላት ልጁ የሰማችው “ታይላንድ” የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማችም። ማንም አልሰማለትም። የኛ ሰው ታይላንድ ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያንንም አይቶት ሳይሆን ተወርቶለት። ስድሳ ሚሊዮን ሕዝብ፣ ያን ሁሉ ቤተ መቅደስ፣ ያን ሁሉ ባሕር በአንድ የመኝታ ቤት ሐሜት ጠቅልሎ ይፈርድና ራሱን ጨዋ ይላል!

ሆኖም ሽማግሌ ሽማግሌ ነው። ሳህሌ አለቃውን ሰድቦ ያውቃል፤ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግቶ ያውቃል፤ ሽማግሌ አሳፍሮ መልሶ ግን አያውቅም፣ አባቱም መልሰው አያውቁም። እነዚህ ሰዎች “አትሂድ” ብለውት ከወጡ ይቀራል። ሁዋ ሂን ዛሬ ከሰዓት በኋላ በዚህች ጠባብ ሳሎን ውስጥ ወይ ትኖራለች ወይ ትሞታለች።

ብሩክታዊት ደግሞ ሽማግሌ ስትመርጥ ጉድ ሠርታለች። ከፊት የቆሙት አቶ ተፈራ በንጉሡ ጊዜ የአውራጃ ዳኛ የነበሩ፣ ከሰባ ያለፉ ሰው ናቸው። ከኋላቸው ያለው ደግነት የሚባለው ሰው ነው፤ ኤመሪቪል ፓርኪንግ ሲጠብቅ ኖሮ እሱም ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱን የቀበረ፣ ካልጠየቁት የማይናገር። ሦስተኛው ደምሴ የሳን ሆዜ ሰው ነው። “አባባ የልብ ጓደኛውን ይሰማል” ብላ ነው የላከችው። ባለፈው ኅዳር ትኬት ቆርጦ ሳህሌን ወደ ታይላንድ የጎተተው ይኸው ደምሴ መሆኑን በምን ትወቅ? ደምሴ ለሚስቱ ለካሳነሽ “ዳላስ የእህቴን ልጅ ልድር ነው” ብሏት ነበር የሄደው። ሳህሌ እንደተመለሰ እውነቱን ተናገረ። ደምሴ ግን እስከ ዛሬ ከዳላሱ ሠርግ አልተመለሰም፤ ሙሽራዋ የለበሰችውን ሳይቀር ለካሳነሽ ይተርክላታል።

“ግቡ እንጂ! ይቀመጡ፣ ጋሼ።”

“አንቀመጥም” አሉ አቶ ተፈራ፣ ውሃው ከባርኔጣቸው እየተንጠባጠበ። “እሺ ሳትለን አንቀመጥም። ልጅህ ልካናለች። ያንን አገር ትተህ ከልጅህ አጠገብ ትኖራለህ። እሺ በለንና እንቀመጥ።”

“ሳይሰሙኝ ነው የፈረዱት? ዳኛ አልነበሩም እንዴ?”

አቶ ተፈራ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቃሉ ነክቷቸዋል። ደምሴ ይህን ሲያይ ወደ ፊት ዘለለ።

“ሳህሌ፣ እፈር እንጂ!” አለ፣ እጁን እያወናጨፈ። “በዚህ ሽበትህ ታይላንድ? ሰው ምን ይላል? ለካሳነሽ ስነግራት ሦስቴ አማተበች!”

“ካሳነሽ ደኅና ናት?” አለ ሳህሌ ረጋ ብሎ። “የዳላሱ ሠርግስ እንዴት ነበር?”

ደምሴን ሳል ያዘው። ዓይኑ ግን ይለምን ነበር። ሳህሌ ሊያጋልጠው ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጠው፤ ጓደኛን አሳልፎ መስጠት ከሱ አይጠበቅም። አጥፊው ዳኛ ሆኖ ሲመጣ ዝም ማለት እንዴት ያለ ቅጣት ነው!

ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። በ1998 የፈረንጆች ዓመት ያ ኤል ኒኞ የተባለው ዝናብ የመጣ ጊዜ ነው፤ ሳምንት ሙሉ አላባራም። አቶ ተፈራ ቀኝ ጉልበታቸውን ያዙ፣ ቀጥለው ግራውን። በመጨረሻ ጉልበታቸው ሥርዓቱን ቀደመውና ሶፋው ላይ ዝርግፍ አሉ። ሌሎቹም ተከተሉ።

“ተቀመጥን ማለት ረታህ ማለት አይደለም” አሉ ተቆጥተው። “ስማ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። ያንተም ነገር ይኸው ነው።”

“ጅቡ እዚህስ መቼ ቁርበት ተነጠፈለት?” ሳህሌ ብድግ አለ። አሁን ሊያቆመው የሚችል አልነበረም። “እዚህ ሕንጻ ውስጥ ስንት ዓመት ኖርኩ? የጎረቤቴን ስም አላውቅም። ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ያወራሁት ከማን ጋር እንደሆነ ልንገራችሁ? ስልክ ደውሎ ምንጣፍ ልጠብልህ ካለኝ ሰውዬ ጋር ነው! ሊዘጋብኝ ሲል ምንጣፌ ትልቅ ነው አልኩት። ቀለሙን ነገርኩት። ወይን ፈሶበታል አልኩት። እዩ እስቲ ወለሉን! ምንጣፍ አለኝ?”

ሦስቱም ወለሉን አዩ። ራቁቱን ነው።

“ያ ሰውዬ እኔም ጋ ይደውላል” አለ ደግነት። ከመጣ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር። “እኔ ደግሞ ሁለት ሶፋ አለኝ ብዬዋለሁ።”

አቶ ተፈራ በሳቅ ፈነዱ፤ ወዲያው ሽማግሌ መሆናቸው ትዝ ብሏቸው ፊታቸውን አኮሳተሩ። “እና ሁዋ ሂን ምን አለ?” አሉ። “እንድረዳው ያህል ነው የምጠይቅህ።”

ሳህሌ ልቡ ዘለለ። ጠየቁ! የጠየቀ ዳኛ ገና አልፈረደም ማለት ነው።

ነገራቸው። ኅዳር ላይ መጀመሪያ የወረደው ሌላ ትልቅ የባሕር ዳር ከተማ፣ ፓታያ ነበር፤ ከማን ጋር እንደሄደ ዘለለው። ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ፣ ሞተር ብስክሌት፣ የሰከረ ፈረንጅ ጩኸት። የአልጋው እግር እንኳ ይጨፍር ነበር። አንድ የሆላንድ ሽማግሌ ቁርስ ላይ አዘነለትና “ያንተ ቦታ ይሄ አይደለም” ብሎ ሁዋ ሂንን ነገረው። ተናዶ ሻንጣውን አነሣ፤ ወደ ባንኮክ ተመለሰና በባቡር ወደ ደቡብ ወረደ። ባቡሩ ያወረደው እንደ መጫወቻ በቀይና በነጭ ቀለም የተቀባች ጣቢያ ነው። ከጣቢያው በእግር ባሕሩ ጋ ይደረሳል። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይጠግናሉ። አሸዋው ላይ ፈረስ ይከራያል። በየማለዳው የየአገሩ ጡረተኞች፣ ስዊድኑም ጀርመኑም፣ ቁምጣቸውን ታጥቀው ውሃ ውስጥ ቆመው ስለ ጀርባቸው ሕመም ያወራሉ። ውሃው ለብ ያለ ነው። ሾርባ የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች፤ በሁለተኛው ቀን ሲሄድ ወንበሩን ወደ ጥላው ስባ ጠበቀችው።

“ወንበሬን!” አለ ሳህሌ ደረቱን እየመታ። “ቋንቋዬን አታውቅም፣ ስሜን አታውቅም፣ ፀሐይ እንደማልወድ ግን አወቀች! ጸጥ ያለ ነው ስላችሁ እንደዚህ ሕንጻ መቃብር ነው አላልኩም። ነገሥታቱ የበጋ ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩባት የተከበረች ከተማ ናት።”

“ንጉሥ አላቸው?” አቶ ተፈራ ወደ ፊት ተሳቡ።

“ምን የመሰለ!”

“ጉድ ነው። ይበርዳል?”

“ብርድ የሚባል አያውቁም።”

“ቤተ ክርስቲያንስ?”

“የኛ የለም። አልዋሽዎትም። በቤቴ ነው የምጸልየው።”

“በሁዳዴስ ምን ትበላለህ?”

“ሩዝ በአትክልት። ሥጋ አትጨምሩብኝ ካልካቸው አይጨምሩም፤ የሚጾም ሰው ያከብራሉ። እኛ ነን የሰው ጾም የምንቆጥረው! ባሕሩም እንደሆነ በዚያ አገር እንደ ሁዋ ሂን ያለ ባሕር የለም።”

“ውሸት!” ደምሴ ከመቀመጫው ተነሣ። “የፓታያው ይበልጣል! የሁዋ ሂን ባሕር የሚያቃጥል ጄሊፊሽ አለበት፣ ራስህ ነህ የነገርከኝ! ፓታያ ሆቴላችን በረንዳ ላይ ሆነን ያየነው የፀሐይ መጥለቂያ…”

ምላሱን ነከሰ።

“ሆቴላችን?” አሉ አቶ ተፈራ።

ሳህሌ ጣሪያውን አየ። እሱ አልተናገረም፤ እግዜር ምስክሩ ነው።

“ዳላስ ነበርኩ” አለ ደምሴ በደከመ ድምፅ።

“ዳላስ ባሕር አለ?”

ደግነት ሳቁን መቋቋም አቅቶት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ በኋላ ሽምግልናው ሽምግልና መሆኑ ቀረ። ደምሴ ከተጋለጥኩ አይቀር ብሎ ስለ ፓታያ ይሟገት ጀመር፤ ሕይወት ያለባት ከተማ እሷ ናት፣ ለሽማግሌ ጸጥታ የሚገባው ሲሞት ነው እያለ። ሳህሌ “ሰው ፍየል ነው እንዴ ገበያ መሐል የሚታሰረው?” ብሎ ጮኸ። አቶ ተፈራ ካርታ አምጡ አሉ። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ አራት ሽበታም ራስ አንድ ላይ ተጋጨ።

ብሩክታዊት የደረሰችው ያኔ ነው። ከምትሠራበት ከፕሌዘንተን በዚያ ዝናብ ነድታ፣ አባቷ እሺ ብሎ እንዲጠብቃት ጓጉታ መጥታለች። ጩኸታቸውን፣ የደምሴንም ፓታያ፣ ከመተላለፊያው ጀምራ ሰምታ በሩን በዝግታ ከፈተችው። አቶ ተፈራ ጣታቸውን ካርታው ላይ ተክለው “ታዲያ ከባቡር ጣቢያው ወደ ባሕሩ ዳገት አለው ወይ?” እያሉ ነበር።

“ጋሽ ተፈራ?”

አራቱም እንደ ተያዘ ተማሪ ቀጥ አሉ።

“ሲሪየስሊ? እርስዎን ነው የላክሁት! ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ደግሞ ዳላስ ነኝ ብለው… ኦ ማይ ጋድ፣ ይሄን እትዬ ካሳነሽ ብትሰማ!”

“ልጄ፣ ቀስ በይ” አለ ደምሴ፣ ላብ እያጠመቀው።

እሷ ግን ወደ አባቷ ዞረች። “አባባ፣ ዶክተርህስ? ብትታመምስ? ኢመርጀንሲ ቢሆን ማን ኮል ያደርግልኛል? ሰው ሁሉ ምን እንደሚል ታውቃለህ? ብሩክታዊት አባቷን መያዝ አቃታት ነው የሚሉት።” ድምፅዋ ተሰበረ። “እኔን ነው የምትሸሸው?”

ሳህሌ ያዘጋጀውን መልስ ተወው። ለሐሜቱ ነበረው። ለዶክተሩም ነበረው።

“አንቺን አይደለም” አለ። “እሁድ እሁድ ትመጪያለሽ፤ ምግብ ታመጪልኛለሽ፤ ተባረኪ። ግን ጃኬትሽን አውልቀሽ አታውቂም። ሥራ አለብሽ፣ ልጆች አሉብሽ፣ አልፈረድኩም። ስድስቱን ቀን ግን የአንቺን እሁድ እየጠበቅኩ መኖር አልፈልግም። እዚያ ጠዋት ስነሣ የምሄድበት አለኝ፤ የሚጠብቀኝም ሰው አለ። ደስ ብሎኛል፣ ልጄ! ሰው በዚህ ዕድሜው ደስ ብሎኛል ሲል ሽማግሌ ይላክበታል?”

ብሩክታዊት ራሷን አየች። ውሃ የጠጣው ጃኬት እስከ አንገቷ ተቆልፏል። ቆማ ቆየችና አንድ በአንድ ፈታችው፤ አውልቃ ወንበሩ ላይ ሰቀለችውና ተቀመጠች።

“ኦኬ” አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች። “ዋስ ይጥራ።”

አቶ ተፈራ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። “ምን አለች?”

“ሽማግሌ ሲያስታርቅ ዋስ ይጠራል አይደል? ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። እንደማይታመምብኝ፣ እንደማያሳፍረኝ፣ ብቻውን ወድቆ እንደማይቀር ዋስ ይጥራ። ዋስ ካለው ይሂድ። ከሌለው ይቀራል። ዳት ኢዝ ኢት።”

“ይቺ ናት ልጅ!” ብለው አቶ ተፈራ ጭናቸውን መቱ። “ሳህሌ፣ ዋስ ጥራ!”

የሳህሌ ልብ ወረደ። ለዚህስ ማን ዋስ ይሆናል? ብር አይደል፣ ቀጠሮ አይደል። ዋሱ አብሮት መኖር አለበት።

“እኔ!” ደምሴ እጁን አወጣ። “እኔ አጠገቡ ሆኜ…”

“እርስዎ ዳላስ ይሂዱ” አለች ብሩክታዊት።

አቶ ተፈራም አልቻሉም፤ ባለቤታቸው ታማሚ ናቸው፣ ትተዋቸው አይሄዱም። ራሳቸውን በቁጭት ነቀነቁ። ሳህሌ ካርታውን ማጠፍ ጀመረ።

“እኔ ዋስ ነኝ” አለ ደግነት።

ሁሉም ዞሩ።

“አብሬው እሄዳለሁ። ቢታመም እደውልልሻለሁ። ቢያጠፋም እደውልልሻለሁ። ቤት የምንይዘው ግን ፈረሶቹ ካሉበት በኩል ነው።”

“መቼ ነው ይሄን ያሰብከው አንተ?” አለ ሳህሌ፤ ድምፁ ጩኸት ነው የወጣው።

“የምንጣፉን ነገር ስታነሣ።”

ሳህሌ እጁን ይዞ ናጠው፤ አንገቱን አቅፎ ግራ ቀኝ ሳመው፤ ሊያነሣው ሞክሮ ወገቡ እምቢ አለው። አቶ ተፈራ እጃቸውን ዘርግተው ተነሡ፤ ጉልበታቸውን ረስተውታል።

“ታርቃችኋል። ሥርዓቱ አባት ልጁን ይመርቃል ይላል። ዛሬ ግን መንገደኛው አባት ነው። የሚቀር የሚሄደውን ይመርቃል። ብሩክታዊት፣ መርቂው!”

“እኔ? አልችልም! አማርኛዬ…”

“እንደመጣልሽ።”

ሳህሌ ጎንበስ አለ። እጇ ሽበቱ ላይ አረፈ።

“እግዚአብሔር… በሰላም ያድርስህ።”

“አሜን!” ጣሪያው ተናጋ።

“ለፀሐዩ ሰንስክሪን የምትቀባ ያድርግህ።”

“አሜን!”

“እሁድ እሁድ ኮል የምታደርግልኝ ያድርግህ። ሰመር ላይ ልጆቹን ይዤ ስመጣ ፈረስ የምታስጋልባቸው ያድርግህ።”

“አሜን! አሜን!” ያለው ሳህሌ ራሱ ነበር፣ ከሁሉ አብልጦ፣ እንባው እየወረደ።

“ፓታያ የማትረግጥ ያድርግህ።”

“አሜን!” አሉ ሁሉም። ደምሴም አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ከሁሉም ዘግይቶ።