ከአጥሩ ወዲህ ያለው ትምህርት ቤት

የ1970 ዓ.ም. መስከረም ሊጠባ ጥቂት ሲቀረው፣ ቦሌ ሚካኤል ሰፈር የሚኖሩት ገሰሰና ሚስቱ ብርነሽ ልጃቸውን የት ትምህርት ቤት እንደሚያስገቧት መወሰን አቅቷቸው ተጨነቁ።

ልጅቷ ሣባ ትባላለች። ሰባት ዓመቷ ነው። በሕፃንነቷ ማጅራት ገትር ይዟት እሷ ከሞት ስትተርፍ ጆሮዋ አልተረፈም። ቀኙ ጭራሽ አይሰማም፤ በግራው አጠገቧ ሆነው ሲጮኹ ትንሽ ትንሽ ይገባታል። የቀረውን ከሰው ከንፈር ላይ ትለቅመዋለች። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ደግሞ ስታወራ ትጮኻለች፤ "ውሃ ስጪኝ" ስትል እንኳ ጎረቤት ይሰማል።

ያን ክረምት ከሰፈሩ መውጫ፣ ወደ ጉርድ ሾላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አብዮት ጠባቂዎች ኬላ አቁመው ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ እንጨት የተሸከሙ ሽማግሌ በዚያ ሲያልፉ "ቁም!" ተባሉ። ሽማግሌው ጆሯቸው ደከም ያለ ነበር፤ አልቆሙም። ሬሳቸው ከነሸክማቸው መንገድ ዳር ዋለ። ብርነሽ ከገበያ ስትመለስ አየችው። ከዚያ ወዲህ ልጇ ከደጅ ወጣ ባለች ቁጥር ያ የተበተነ እንጨት ይታያታል።

ያላቸው ምርጫ ሁለት ትምህርት ቤት ነበር። አንደኛው እዚያው ሰፈራቸው ውስጥ ነው፤ ከቤታቸው ደጃፍ ቆመው ጣሪያው ይታያል። ሣባ ብቻዋን ብትሄድም መንገድ አትሻገርም። ነገር ግን ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ቀበሌው የተቀመጠው ከባለቤቱ በተወረሰ ቪላ ውስጥ ሲሆን፣ ከኋላ ያሉት የሠራተኛ ክፍሎች እስር ቤት ሆነዋል። ከዚያ የሚወጣውን ጩኸት የማያውቅ የለም፤ የሚያወራው ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ጉርድ ሾላ ነው። ድሮ ሚሲዮኖች የሠሩት፣ ዙሪያውን በድንጋይ የታጠረ፣ ግንቡ ላይ የጠርሙስ ስባሪ የተሰካበት፣ የብረት በርና ዘበኛ ያለው። እዚያ ለመድረስ ግን በኬላው ማለፍ ግድ ነው። ገሰሰ በመንግሥት ጋራዥ ጎማ ጠጋኝ ነው፤ ማለዳ መግባት አለበት። ብርነሽ ደግሞ እርጉዝ ናት፤ ስድስተኛ ወሯን ይዛ እግሯ አብጦ፣ ሐኪም ተኝተሽ ክረሚ ብሏታል። ልጅቷን እጇን ይዞ የሚያደርስ ሰው አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብርነሽ እያነከሰች ከባሏ ጋር ጉርድ ሾላ ሄደች።

"ግንቡን አይታችሁታል" አሉ ዳይሬክተሩ፣ ከበሩ አጠገብ ቆመው። "ከውጭ ማንም ዘሎ አይገባም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ወላጅም ቢሆን ሳይጠየቅ አያልፍም።"

"መሣሪያ ይዘው ቢመጡስ?" አለች ብርነሽ።

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። "ግንቦት ላይ መጥተው ነበር። ከስድስተኛ ክፍል አንድ ልጅ ወሰዱ።"

"በሩን ማን ከፈተላቸው?"

"እኔ ነኝ እህቴ" አለ ዘበኛው። እጁን ከካፖርቱ ኪስ አላወጣም። "ምን ላድርግ?"

"ልጁስ?"

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ዳይሬክተሩም፣ "ልጃችሁን ፊት ወንበር ላይ እናስቀምጣታለን፤ መምህሯ ፊቷን ወደ እሷ አዙራ ታስተምራታለች" አሉ። "እዚህ ግቢ ውስጥ የምችለውን አደርጋለሁ። መንገዱን ግን ምን ላድርገው?"

ሰኞ ዕለት ደግሞ የሰፈሩን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፣ ወይዘሮ የሺመቤትን አነጋገሩ። ብርነሽ ያንኑ ጠየቀች፤ "ግቢያችሁ እንዴት ነው የሚጠበቀው?"

"ከኛ የበለጠ የሚጠበቅ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አይመስለኝም" አለች የሺመቤት። ከአጥሩ በላይ የጠመንጃ አፈሙዝ ወዲያ ሲያልፍ፣ ወዲህ ሲመለስ ይታያል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ምን እንደምትጠይቁኝ ገብቶኛል" አለቻቸው።

"እዚያ ማዶ ሲጮኹ ልጆቹን ምን ታደርጓቸዋላችሁ?" አለ ገሰሰ።

"እናዘምራቸዋለን። ጮክ ብለው እንዲዘምሩ እናደርጋለን።"

ሁለቱም አንድ ነገር አሰቡ፤ ሁለቱም ለመናገር አፈሩ። በመጨረሻ ገሰሰ፣ "የኛዋ አትሰማም" አለ።

የሺመቤት ቀና ብላ አየችው። "ከሆነ" አለች፣ "ከሁሉም ልጆቼ የሚሻላት እሷን ነው።"

ብርነሽ ቤት ከገቡ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። "ደንቆሮ ስለሆነች እስር ቤት አጠገብ ላስቀምጣት? እኔ እናት ነኝ?"

"ታዲያ ኬላውን ትመርጫለሽ?" አለ ገሰሰ።

ሣባ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ገባች።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሰላም አለፉ። ሌሎቹ ልጆች ጆሯቸውን ይዘው ሲያለቅሱ፣ አንዳንዶቹም ሌሊት ሲባንኑ፣ ሣባ ፊደሏን ቆጥራ እየሳቀች ትመጣ ነበር። ገሰሰና ብርነሽ በልባቸው ደስ ይላቸዋል፤ ደስ ስላላቸው ደግሞ እርስ በርስ መተያየት ይፈራሉ።

ገሰሰና ብርነሽ በሚኖሩበት ግቢ፣ በአንድ ግድግዳ የሚጎራበቷቸው እትዬ ትብለጽ የሚባሉ ከአድዋ የመጡ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው አባይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ሣባን ይወዳታል፤ ፊደል ያስጀመራትም እሱ ነው፣ ከንፈሩን እያሳያት። ነሐሴ ላይ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። እትዬ ትብለጽ አገልግል አንጠልጥለው ያልደረሱበት እስር ቤት፣ ያልለመኑት በረኛ አልነበረም። የሰፈራቸውንም ቀበሌ ጠይቀው፣ "እኛ ዘንድ የለም" ተብለዋል።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን ሣባ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች። ብርነሽ ቧንቧው ጋ ውሃ እየቀዳች ነበር። ሣባ ገና ከግቢው በር ሆና፣ "እማ! ጋሽ አባይን አየሁት! እግሩ ደም ነው!" ብላ ጮኸች።

ብርነሽ እንስራውን ጥላ የልጇን አፍ በሁለት እጇ አፈነች። ከቧንቧው ማዶ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ተጠሪ ወርቄ ልብስ እያጠበች ነበር። ወርቄ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ማጠቧን ቀጠለች።

ቤት ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ ሣባ በእጇም በቃሏም ነገረቻት። ቆርቆሮው ላይ ቀዳዳ አለ። ጋሽ አባይን ደግፈው ሽንት ቤት ሲወስዱት አየችው፤ እሱም አያት። "እንዲህ አለኝ" ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አቆመች። "ምን ማለቱ ነው እማ?"

ገሰሰ አመሻሹ ላይ ሲገባ ብርነሽ ሁሉንም ነገረችው።

"ለማንም እንዳትናገሪ" አላት።

"ለእናቱስ?"

"ለእሳቸው ይብሳል! ነገ ጠዋት ቀበሌው ደጃፍ ላይ ናቸው። ማን ነገረሽ ይሏቸዋል። ከዚያስ?"

"ነገ ጠዋት 'እንዴት አደርሽ' ሲሉኝ ምን ልበላቸው?"

"'እግዚአብሔር ይመስገን' በያቸው! ልጅሽ ቤቷ ናት። ሆድሽ ውስጥም ሌላ አለ።"

"ከነሐሴ ጀምሮ ምግብ ተሸክመው ከተማውን ይዞራሉ፤ ልጃቸው እዚህ አፍንጫችን ሥር ይራባል። ሣባ ብትሆንስ ገሰሰ? አይተው ዝም ቢሉኝስ?"

ገሰሰ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ጠዋት እሱ ሥራ ሲሄድ ብርነሽ ግድግዳውን ተደግፋ እትዬ ትብለጽ ቤት ገባች። "እትዬ፣ አንድ ነገር እነግርዎታለሁ" አለች። "ከማን እንደሰሙት ግን ቢገድሉዎትም አይናገሩ። ልጅ አለኝ።" ነገረቻቸው። እትዬ ትብለጽ አልጮኹም። የብርነሽን ሁለት እጆች ይዘው ደጋግመው ሳሙ፤ ከዚያ ተነሥተው ሊጥ ወዳለበት ሄዱ።

ቀበሌው በር ላይ የቆመው ማሞ የሚባል የሰፈሩ ጎረምሳ ነበር።

"ልጄ እዚህ ነው" አሉት።

"ማን አለዎት?"

"ሆዴ ነገረኝ።"

"አባይ የሚባል የለም ብለናል።"

"እንግዲያው ለራበው ስጥልኝ" ብለው አገልግሉን እግሩ ሥር አስቀምጠው ተመለሱ።

በማግሥቱ ሌላ ምግብ ይዘው ሲሄዱ ያኛውን አገልግል መለሱላቸው። ከፍተው አዩት። ወጡ ተጠርጎ ተበልቷል፤ የእንጀራው ደረቅ ጠርዝ ግን ዙሪያውን ተገንጥሎ ቀርቷል። አባይ ከልጅነቱ ጀምሮ ጠርዝ አይበላም። እትዬ ትብለጽ ያን ጠርዝ በነጠላቸው ቋጥረው ይዘው መጥተው ለብርነሽ አሳዩአት። ሁለቱ ሴቶች ድምፅ ሳያሰሙ ተቃቅፈው አለቀሱ።

የቀበሌው ሰዎች ግን ነገሩን አልተዉትም። በዚያው ሳምንት አጥሩን በአዲስ ቆርቆሮ ደረቡት። አንድ ቀን ሊመሽ ሲል፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ፣ የሺመቤት ነጠላዋን ተከናንባ መጣች። አልተቀመጠችም።

"በቀዳዳው ያየ ልጅ አለ ብለዋል። ነገ ልጆቹን አንድ በአንድ ሊጠይቁ ነው" አለች። "ሌላው ልጅ ፈርቶ ይዋሻል። የእናንተዋ ግን መደበቅ ብትፈልግ እንኳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መናገር የት ታውቃለች? አትላኳት። ነገም፣ ከዚያ ወዲያም።"

"ምን ብለን?" አለ ገሰሰ።

"ታማለች በሉ።"

ሣባን ቤት ደበቋት። መስኮቱን ዘግተው፣ ልታወራ አፏን በከፈተች ቁጥር ብርነሽ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርግባት ነበር። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ ጥግ ይዛ ትውል ጀመር። በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ወርቄ ናት። ብርነሽ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተችላት።

"ልጅቷ ታማለች አሉ" አለች ወርቄ፣ ወደ ውስጥ ሳታይ። "ምኗን ነው?"

"ት... ትኩሳት።"

"ትኩሳት አትበይ። ወረርሽኝ ነው ብለው ጤና ጣቢያ ይወስዱባችኋል። ጉንፋን በይ።" ይህን ብላ ሄደች። ብርነሽ፣ ወርቄ የመጣችው ልታድናቸው ይሁን ልትሰልላቸው ለማወቅ እስኪመሽ ድረስ ስትጨነቅ ዋለች። ግን ማንም አልመጣባቸውም።

ኅዳር ሲገባ አንድ ጠዋት ማሞ አገልግሉን አልቀበልም አለ። እትዬ ትብለጽ እግሩ ሥር ሊያስቀምጡ ሲያጎነብሱ፣ "ከዛሬ ጀምሮ አያምጡ" አላቸው። ፊታቸውን ማየት አልቻለም። በዚያ ዓመት ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማታውቅ እናት አልነበረችም። ሬሳ ስጡኝ ማለት አይቻልም። ድንኳን መጣል፣ ማልቀስም ክልክል ነው። እትዬ ትብለጽ ቤታቸው ገብተው ዘጉ። ብርነሽ በግድግዳው በኩል ጆሮዋን ጥላ ብታዳምጥ፣ ትንፋሽ እንኳ አልተሰማትም።

"እኔ ነኝ የገደልኩት" አለችው ለገሰሰ። "እሳቸው ባይሄዱ ኖሮ ረስተውት ይኖር ነበር። አንተ እንዳልከው ዝም ብል ኖሮ።"

ገሰሰ ራሱም ይህን ሳያስበው አልቀረም።

ብርነሽ ወንድ ልጅ ወለደች። ቤቱ ግን የአራስ ቤት አልመሰለም። ሣባ ከቤት ሳትወጣ ታኅሣሥ አለቀ። ከዚያ አንድ ማለዳ እትዬ ትብለጽ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። በጣም ከስተዋል። ፀጉራቸውን እንደ ወትሮው ተጎንጉነው፣ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር።

"ገሰሰ፣ ያ የጉርድ ሾላው ትምህርት ቤት አሁንም ይቀበላታል?"

"ይቀበላል፤ ዳይሬክተሩን ጠይቄ ነበር። ግን የሚያደርሳት..."

"እኔ አደርሳታለሁ። እኔ እመልሳታለሁ።"

"እትዬ፣ ኬላው አለ" አለ ገሰሰ።

"እጇን እይዛለሁ። ስቆም ትቆማለች።"

ብርነሽ ሕፃኑን ታቅፋ ከአልጋዋ ለመነሣት ሞከረች። "እትዬ ትብለጽ፣ እኔ ባልነግርዎት ኖሮ..."

"ባትነግሪኝ ኖሮ በረሃብ ይሄድብኝ ነበር" አሉ እትዬ ትብለጽ። "የእጄን በልቶ ነው የሄደው። ይህን እንዳትወስጂብኝ።" ወደ ጥጉ ሄደው ሣባ ፊት በርከክ አሉ፤ ከንፈራቸውን እንድታይላቸው አገጯን ቀና አደረጉት። "ነይ ጓለይ፣ ልጄ። ትምህርት ቤት እንሂድ።"

ሣባ እናቷን አየች። ብርነሽ ራሷን ነቀነቀችላት። ልጅቷ ጫማዋን ፈልጋ ራሷ አሰረች።

ገሰሰ ያን ቀን ሥራው ረፍዶበታል። ቢሆንም ከግቢው በር ቆሞ፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው በባሕር ዛፍ መሐል ወደ ኬላው አቅጣጫ ሲሄዱ አየ። ከታጠፉም በኋላ አልተንቀሳቀሰም። ተኩስ ይሰማ እንደሆነ ሲያዳምጥ ብዙ ቆየ። ከውስጥ ብርነሽ፣ "አለፉ?" ብላ ጠየቀችው። "አላውቅም" አላት። እስኪመለሱ ድረስ ሁለቱም እህል አልቀመሱም።