የታጠፈው የብዕር ጫፍ

...ሊፍቱም አይሠራ፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በነዚህ ጉልበቶች፣ ግድ የለም እወጣዋለሁ፣ ብዕሩ ቦርሳዬ ውስጥ በመሐረብ ተጠቅልሏል፣ በየደረጃው ቆም እያልኩ እዳብሰዋለሁ፣ ጫፉ ታጠፈ እንጂ ሌላው ገላው ደህና ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመት የጻፈ ብዕር። ማክሰኞ ከጠረጴዛ ላይ ወደቀ። አልጣልኩትም፣ ወደቀ። ሲሚንቶው ላይ በአፍጢሙ። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ከነገ ወዲያ አብኔዘር ያገባል፣ የኔው ልጅ፣ አንድዬ፣ የስንቱን ልጅ የጋብቻ ወረቀት ጽፌ የራሴን ልዘል? አይሆንም። ጫፉን አስቀይራለሁ፣ አንድ ብልቃጥ ጥቁር ቀለም እገዛለሁ፣ በቃ።

ሱቁ ይበርዳል፣ ሽቶ ሽቶ ይላል፣ ብዕሬ ክዳን ላይ በደቃቁ የተቀረጸው የፋብሪካው ስም እዚህ ግድግዳውን ሞልቶ ያበራል። ላጲሶ ቢያይ ይስቅ ነበር፣ ባሌ፣ ጌታ ዘንድ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ለሥልጠና ውጭ አገር ሄዶ ነው ያመጣልኝ፣ ጓደኞቹ ለሚስትህ ሽቶ አትገዛም ወይ ቢሉት ሽቶ ይተናል አላቸው አሉ። አሁን ብዕር የት አለ? ቀበቶ አለ፣ ቦርሳ አለ፣ ሰዓት አለ፣ የፀሐይ መነጽር አለ፣ ብዕር ጥግ ላይ አራት ፍሬ፣ መስታወት ውስጥ ተጋድመው፣ የሚጻፍባቸውም አይመስሉ።

እንኳን ደህና መጡ እናቴ፣ ጊፍት ነው የፈለጉት? ልጅቷ ደረቷ ላይ ዲና የሚል ለጥፋለች፣ ቆንጆ ልጅ ናት፣ ጥፍሯ ለብቻው ደመወዝ ይበላል። ስጦታ አይደለም ልጄ፣ የዚህ ብዕር ጫፍ ነው፣ ሰፊው፣ ቀለምም በብልቃጥ። መሐረቡን እፈታለሁ። ዋው፣ ይሄ እኮ ቪንቴጅ ነው፣ የድሮ ዕቃ፣ ትላለች፣ ስታየኝ እኔንም የጨመረችኝ መሰለኝ። ጫፍ ለብቻው አንሸጥም እናቴ፣ ዱባይ ተልኮ ነው የሚቀየረው፣ ስድስት ሳምንት፣ ማክሲመም ስምንት። ላም አለኝ በሰማይ። ቀለሙስ? የብልቃጡ አልቋል፣ ካርትሪጅ አለ፣ ተሞልቶ የሚመጣው ቀፎ፣ ግን የርስዎ ብዕር ካርትሪጅ አይቀበልም፣ ሶሪ። ሶሪ ትለኛለች፣ ዳቦ ቤት ገብቼ ዱቄት አለቀ የተባልኩ ያህል ነው፣ የብዕር ቤት ቀለም ካጣ ምን ሊሸጥ ነው የተከፈተው? ቀበቶ።

ሰፊው ጫፍ ለምን እንዳስፈለገኝ ላስረዳት ይቃጣኛል፣ የኛ ፊደል እግሩ ወፈር አግድሙ ቀጠን ካላለ ፊደል አይመስልም፣ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ እጅ ይህን ያውቃል፣ ግን እሷ ምን ታድርግ፣ እተወዋለሁ። በኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ስም ቀድሞ አይጻፍም። አንድ ጊዜ ተጽፎ ሙሽራው ሳይመጣ ቀረ፣ ወረቀቱን የሚቀድ ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ ስንት ዓመት ተቀመጠ፣ ከዚያ ወዲህ ቃል ሳይገቡ ብዕር አይነሳም። ቃል ሲገቡ እኔ መድረክ ላይ እወጣለሁ፣ ትንሿ ጠረጴዛ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ መዘምራን አንድ መዝሙር ይዘምራሉ፣ እነሱ ሲጨርሱ እኔም ጨርሼ ወረቀቱን ከፍ አደርጋለሁ፣ እልልታው ያን ጊዜ ነው። አንድ መዝሙር። አራት ደቂቃ። ይበቃኛል። ይበቃኝ ነበር።

ጸጋአብ ትናንት ደወለ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ፣ እትዬ ፀሐይነሽ፣ አሁን እኮ የሙሽራው እናት ነዎት፣ ይረፉ፣ እኛ ፕሪንት እናደርገዋለን። ፕሪንት! የልጄ ስም የመብራት ቢል ይመስል! የብዕሩ ጫፍ ነው የታጠፈው አልኩት፣ ነገ ቦሌ ሄጄ አስቀይራለሁ አልኩት፣ እሺ እትዬ አለ፣ ድምፁ ለስለስ ብሎ፣ ያ ልስላሴው ነው ሌሊቱን ሙሉ ያላስተኛኝ።

እስቲ ይሄን ይሞክሩት እናቴ፣ ለስጦታም ይሆናል፣ ትላለች ዲና፣ ከመስታወቱ ውስጥ አንዱን አውጥታ ወፍራም ወረቀት ታነጥፍልኛለች። ብዕሩ ከባድ ነው፣ ያምራል። አብኔዘር፣ እጽፋለሁ። የአ እግር በደንብ ይነሳና መሀል ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ጉንዳን የሄደበት መስሎ ይወርዳል። ጠረጴዛው መስታወት ስለሆነ ነው፣ ያንሸራትታል። ሰምሃል፣ እጽፋለሁ፣ ምራቴን፣ ቀስ ብዬ፣ ትንፋሼን ውጬ። የሰ እግርም እንደዚያው። ሁለቱም። አዲስ ብዕር፣ ያልታጠፈ፣ ሲሚንቶ አይቶ የማያውቅ። ይሄም ልክ አይደለም ልጄ፣ እላታለሁ። ዲና ወረቀቱን ታያለች፣ እጄን ታያለች፣ ከዚያ ወንበር ስባ ታቀርብልኛለች።

ወንበሯ ናት የገደለችኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ዳውላ ስደበድብ ከርሜ። አልተቀመጥኩም። አመሰግናለሁ ልጄ፣ ጌታ ይባርክሽ፣ ብዕሬን ጠቅልዬ ደረጃውን እወርዳለሁ፣ አልወደቀም፣ ጣልኩት፣ እኔ ነኝ የጣልኩት፣ ከእጄ ነው ያመለጠ።

ወሎ ሰፈር ጸሐዩ አናት ይበሳል፣ የጎሮ ታክሲ ሰልፉ እስከ ጋራዡ ደርሷል፣ ተራዬ ሲደርስ መስኮት ዳር እቀመጣለሁ፣ እጆቼን ቦርሳዬ ላይ አነባብራቸዋለሁ፣ ላያቸው አልፈልግም። ከሐምሌ ጀምሮ አብኔዘር ሻዬን ግማሽ ብርጭቆ ነው የሚቀዳልኝ፣ ገና ሳታገባ ሰሰትክብኝ እለዋለሁ፣ ይስቃል፣ ሲያልቅ ይደግመኛል፣ ሁልጊዜ ግማሽ። ግማሽ ብርጭቆ አይፈስም። አይ አንተ ልጅ። ያውቃል፣ ጸጋአብም ያውቃል፣ ሁሉም አውቀው እኔን እንደ እንቁላል ይዘውኛል፣ እናደዳለሁ፣ አፍራለሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን ደክሞኛል፣ ደህና ነኝ ማለት እንዲህ ያደክማል? ፕሪንት ያድርጉት ብል ማንም አይቀየመኝም፣ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ፊት ወንበር መቀመጥ ነው፣ እረፍት ነው። ግን አብኔዘር ስምንት ዓመቱ ሳለ መድረኩ ሥር ቆሞ ሲያየኝ፣ እማ የኔን መቼ ነው የምትጽፊው ያለኝን ምን ላድርገው።

ስልኩን አወጣለሁ፣ ሁለቴ የተሳሳተ ቁልፍ እነካለሁ፣ በሦስተኛው ይጠራል። ጸጋአብ፣ ፕሪንት እንዳታደርግ። እሺ እትዬ፣ ጫፉ ተገኘ? አልተገኘም፣ በተራ እስክሪብቶ እጽፋለሁ፣ የጫፉ ነገር አይደለም፣ እጄ ነው፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። አልኩት። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ዞር ይላል፣ ይዙር። ታውቅ ነበር አይደል፣ ጸጋአብ? አዎ እትዬ። እንግዲያው ለመዘምራኑ ንገርልኝ፣ ቅዳሜ ረዥም መዝሙር ይምረጡ። ካልጨረስኩ ይድገሙት።