ምላጭ

በአውቶቡስ ጣቢያው ትኬት መቁረጫና በፕሮግራመሮቹ ክፍል መካከል ያለው አንድ መስታወት ብቻ ነው። እኔ ትኬት ቆራጭ ነኝ፤ ወረፋው ሲሳሳ ዓይኔ ወደ መስታወቱ ይሄዳል። አለቃችን ይህን አመሌን ያውቃል። አንድ ቀን ጠጋ ብሎ፣

«አንተ ህልመኛ፣ ማፍጠጥህ ካልቀረ ለቁም ነገር አፍጥጥ። ያቺን ልጅ ጠብቅልኝ» አለኝ።

«ምን ሆነች ጋሼ?»

«ፕሮግራመር ይጽፋል፤ እሷ የሰው ኮድ ስትሰርዝ ትውላለች። ሥራ ልትለቅ አስባ ቤቱን እያፈረሰችብን ነው። ካረጋገጥኩ አሰናብታታለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

ጠበቅኳት። እውነትም ታጠራጥራለች። ትሰርዝና አገጯን ይዛ ግድግዳ ታያለች። ደግሞ መስኮቴ ድረስ መጥታ፣ «አንድ ወንበር ለሁለት ሰው የተሸጠ ጊዜ፣ ቀድመህ የተጫንከው ቁልፍ ምን ነበር?» እያለች ታደርቀኛለች። ምን ልታደርግበት ነው? ያየሁትን ሁሉ ለአለቃው አደርሳለሁ።

አጠገቧ የሚቀመጠውን ግን ማን ይጠረጥራል? «እሳት አደጋ» ነው የምንለው። «ሲስተም የለም» በተባለ ቁጥር እጅጌውን ሰብስቦ ይሮጣል፤ ያስነሳዋል፤ እናጨበጭብለታለን። እሷ ከመጣች ወዲህ ሩጫው ቀንሷል።

«ምላጭ፣ ላጭተሽ ጨረስሽን እኮ!» ይላታል።

«የበዛውን ብቻ ነው፣ ወንድምዓለም።»

ጥርሱ ይስቃል፤ ዓይኑ አይስቅም።

በመጨረሻ አለቃው ውሳኔ እስኪሰጥ ቤቷ እንድትቀመጥ አዘዛት። የሰረዘችውንም አንድ ሳይቀር አስመለሰ። «እፎይ! አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል» አለ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ አዛውንትና ልጅ ያቀፈች ሴት እየተጨቃጨቁ ከአውቶቡሱ ወርደው መስኮቴ ላይ ተደቀኑ። ሁለቱም የያዙት ትኬት የአንድ ወንበር ነው።

«አባቴ፣ ልጅ ይዤ ልቁም?»

«እኔስ ልጄ፣ ጣራ ላይ ልውጣ?»

ወረፋው መጮህ ጀመረ። አለቃው እየሮጠ መጣ። እሳት አደጋ እጅጌውን ሰብስቧል፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

«አይዞን! የወንበር መያዣዋ ኮድ ናት። ሁለት መስኮት ላይ ቁልፉን እኩል ሲጫኑት ትስታለች። አሁን ልክ አስገባታለሁ!»

ኮምፒውተሩን ገና አልከፈተም።

ሊያጨበጭብ የተነሳው የአለቃው እጅ አየር ላይ ቀረ። «አንተ፣ ሳታይ በምን አወቅህ?»

«ልምድ ነዋ ጋሼ!»

«ካወቅህማ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነቀልካትም?»

እሳት አደጋ ሳቀ። ብቻውን ሳቀ።

አለቃው ስልኩን አወጣ። «ሄሎ፣ እህቴ… እንዴት አደርሽ?» ድምፁ እንዲህ ሲለሰልስ ሰምቼው አላውቅም። «አዎ፣ መልሰሽ ሰርዢልን… እሺ… እሱንም እነግረዋለሁ።»

ወደ እኔ ዞረ።

«ትመጣለች። መስታወቱ ላይ የሚያፈጥጥብኝ ሰው ፊቱን ያዙር ብላለች።»

ወንበሬን አዞርኩ። አሁን የሚታየኝ ወረፋው ብቻ ነው። ከኋላዬ ግን አለቃው ወንበር እየጎተተ ሄዶ እሳት አደጋ አጠገብ ቁጭ ሲል ሰማሁ።

«ቀጥል» አለው። «እኔ ዝም ብዬ አያለሁ።»