ኒካሁ እስኪታሰር

ጀይላን አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ስልክ ሲጠግን ቆይቶ ወደ ከሚሴ የተመለሰው አንድ ሻንጣ መፍቻና ለመላው ቤተሰብ የሚበቃ ፈትዋ ይዞ ነው። መፍቻውን ሱቅ ከፍቶ ደረደረው። ፈትዋውን ግን ቤት አስቀረው።

መጀመሪያ የተነካችው እህቱ ሙና ናት። ሙና የኦሮምኛ ዘፈን ስልኳ ላይ ሞልታ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ዕቃ የምታጥብ ልጅ ነች። አንዳንዴም አንዱን ጫፍ ለአባቷ ለአደም ትሰጠውና አባትና ልጅ በአንድ ገመድ ታስረው ይወዛወዛሉ። ይህ ተከለከለ። ቀጥሎ የእናቱ የረቢአ ሬዲዮ ለዜና ብቻ ተፈቀደ። ዜናው ሲጀምር የምትሰማዋ ሙዚቃም አጠራጣሪ ነች ስለተባለ፣ ረቢአ ሙዚቃዋ ታልፋለች ብላ በገመተችበት ሰዓት ሬዲዮውን ትከፍታለች። ሁልጊዜ የአየር ፀባዩ ላይ ትደርሳለች።

የአደም ነገር ከበድ ይል ነበር። አደም ልብስ ሰፊ ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪናውን እየረገጠ መንዙማ ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ድቤውን አውርዶ ከጎረቤት ጋር ነቢዩን ያወድሳል። ደንበኞቹ ጀለቢያቸው በቀጠሮው ቀን ባይደርስም ቁጭ ብለው ድምፁን ሰምተው ይሄዳሉ። እውነቱን ለመናገር ጀለቢያው በቀጠሮው ቀን ደርሶ አያውቅም።

«አባ፣ መንዙማ እኮ ቢድዓ ነው፤ በነቢዩ ዘመን ያልነበረ» አለው ጀይላን አንድ ቀን።

«ማን አለ?»

«ኡስታዙ።»

«የት አገኘሃቸው?»

«ስልኬ ላይ።»

«ስልኩስ በነቢዩ ዘመን ነበረ?»

ጀይላን ስልክና ዒባዳ፣ ዕቃና አምልኮ፣ እንደሚለያዩ ረጅም ማብራሪያ ሰጠ። አደም አዳመጠው፤ ማዳመጥ ይችልበታል። ሲያበቃ ያቺን መኪና ረገጠና ካቆመበት ቀጠለ።

በዚህ ዓይነት ዕድሜ ልካቸውን ሊኖሩ ይችሉ ነበር። ችግሩ የመጣው ጀይላን የጨፋ ሮቢቷን ዓፊያን ለማግባት ሲነሳ ነው። የዓፊያ ወንድም ሪድዋን የጀይላን ወዳጅ ነው። ወዳጅነታቸው እዚያው ስልክ ላይ ነው፤ አንዱ የላከውን ትምህርት ሌላው ለሌላ ሰው ይልካል። ሪድዋን «የእኛ ቤት ቀጥ ያለ ቤት ነው፤ ድቤ ምናምን አይታወቅም» ብሎ ነገረው። ጀይላን አመነው። ሽማግሌ ሲላክም አባቱን በዘዴ አስቀርቶ በአጎቱ መሪነት ላካቸው። እሺ ተባሉ።

የኒካሁ ቀን ሲቆረጥ ጀይላን አባቱ አጠገብ ቁጭ አለ። ለኒካሁ አባትን በዘዴ ማስቀረት አይቻልም።

«አባ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፤ እነዚያ ሰዎች ፊት እንዳታዋርደኝ።»

አደም መኪናውን አቆመ። ልጁ ስለ ቢድዓ ሲያስተምረው አልከፋውም ነበር። ይህች ቃል ግን አንጀቱን ቆረጠችው። ለካ ልጄ በእኔ ያፍራል፣ አለ በሆዱ።

«ወላሂ፣ ኒካሁ እስኪታሰር የእኔን መንዙማ የሚሰማ የለም» አለ። ማለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰሞን የሐዘን ቤት ነበር። መኪናው ብቻውን ይንተከተካል። ደንበኞች «ታመምክ እንዴ?» ይላሉ። ጀለቢያዎቹ በቀጠሮአቸው ቀን መድረስ ስለጀመሩ ሰዉ ይበልጥ ሰጋ። ሙና አዝናለት በድብቅ ማዳመጫውን ስትሰጠው ተቀበላት፤ የማለው በአፉ እንጂ በጆሮው አይደለም። ረቢአ ግን ቤቱ ጸጥ ሲል ጭንቅ ይላታል። «ያረቢ፣ ይሄ ሰውዬ ዝም ሲል እኮ ሁለት ሰው የሞተ ይመስላል» ትላለች።

ቀኑ ደረሰና ጨፋ ሮቢት ገቡ። የዓፊያ አባት ሐጂ አብዱልጀባር በራፍ ላይ ቆመው «አከም ጅርቱ! ነጋዳ? እንኳን በሰላም መጣችሁ!» እያሉ ተቀበሏቸው። እንግዶቹ ሲገቡ ቤቱ ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል። መሀል ምንጣፉ ላይ፣ ሁሉም ሰው እንዲያየው ሆኖ፣ ትልቅ ድቤ ተቀምጧል።

ጀይላን ሪድዋንን ፈለገ። ሪድዋን ጣሪያውን እያየ ነበር። ጣሪያው ላይ ምንም የለም።

ሼሁ ኒካሁን ሊያስሩ ሲዘጋጁ ሐጂ አብዱልጀባር እጃቸውን አነሱ።

«በዚህ ቤት ነቢዩ ሳይወደሱ ኒካህ አይታሰርም። ሌላ አውራጅ አልጠራሁም፤ አደም አለ ብዬ። በል እስቲ፣ ያዝ ድቤውን።»

አደም ድቤውን አየ፤ እጁ ሊሄድ ሲል ሰበሰበው። «አፉ በሉኝ ሐጂ፤ ኒካሁ እስኪታሰር ላልል ምያለሁ።»

ቤቱ ተንሾካሾከ። ሐጂ ሳይወደስ አያሳስሩም፤ አደም ሳይታሰር አያወድስም። ሙሽራው መሀል ላይ ቀረ።

«ማን አስማለህ?» አሉ ሐጂ።

አደም ለመዋሸት አልፈለገም፤ ልጁን ለማሳጣትም አልፈለገም። ዓይኑ ግን ወደ ጀይላን ሄዶ ኖሮ የሰዉ ሁሉ ዓይን ተከተለው።

ሐጂ ወደ ሙሽራው ዞሩ። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ ማለት እንግዲህ፣ እኔ አንተን አላውቅህም። ስልክ ጠጋኝ ነው አሉኝ፤ ስልክ ጠጋኝ ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ የማን ልጅ ነው ብላቸው የአደም አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም። የዛሬ ስንት ዓመት እዚሁ ሸለቆ ውስጥ አባትህ ሲያወድስ ሰምቼ እንደ ልጅ አልቅሻለሁ። ልጄን የሰጠሁት ለዚያ ድምፅ ቤት ነው።»

ጀይላን አንገቱን ደፋ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ለዚህ የሚሆን ትምህርት ግን አልተላከለትም።

ሼሁ ነገሩን ለማቅለል «መሐላው የከፋራ ነገር ነው፤ ከሱ የተሻለ ኸይር ሲገኝ ይፈርሳል፤ ማካካሻው አሥር ሚስኪን ማብላት ነው» አሉ።

«ማብላቱ አይከብደኝም» አለ አደም። «ግን የማልኩት ለልጄ ብዬ ነው። የተሻለ ነው ካለ እሱ ይበለኝ።»

አሥሩን ሚስኪን ሳይሆን የልጁን አንዲት ቃል ነበር የሚፈራው። ቤቱ ሁሉ ጠበቀ። ሪድዋን እንኳ ከጣሪያው ወረደ።

«አባ» አለ ጀይላን። ያቀረቀረውን አንገቱን ቀና አደረገ። «አባ፣ በል። እኔ ነኝ የምልህ።»

አደም ድቤውን ሳበ። ሰሞኑን የታፈነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ቤቱ ተቀበለ፤ ሴቶቹ ከጓዳ እልል አሉ፤ ሙና ከሁሉም በላይ ጮኸች። ሐጂ አብዱልጀባር ዓይናቸውን ጨፍነው ይወዛወዙ ጀመር። አደም ሁለተኛውን ስንኝ አወረደ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ልጁን አየው። ጀይላን ይቀበል ነበር፤ በከንፈሩ ሳይሆን በሙሉ አፉ። አደምን እንባ ቀደመው። እጁ ድቤውን ይመታል፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ሰዉ የሚቀበለው አጥቶ ተጠባበቀ።

ቀጣዩን ስንኝ ከወዲያ በኩል አንድ ሰው አነሳው። ሐጂ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «አዎ፣ ይሄው ነው ድምፁ!» አሉ። ሲገልጡ ግን አደም እንባውን በጀለቢያው እጅጌ እየጠረገ ነው፤ የሚያወርደው ሙሽራው ነው። አንድ ቃል አልሳተም፤ ማንም አላስጠናውም፤ እዚያ የስፌት መኪና ሥር ነው ያደገው።

ሼሁ አሁን እንሰር ብለው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፤ ደግመውም ጠረጉ። ሙሽራው ግን ገና አልጨረሰም ነበር።