የኩሽናዬ አሸዋ

ባሌ ሙላት የኩሽናዬን አሸዋ ጉድጓድ ውስጥ የደፋው ዕለት፣ ማርያምን፣ ልፈታው ነበር። የኩሽናውን ግድግዳ ልናስለስንበት ከደጀን በኩል በሲኖትራክ ያስመጣነው አሸዋ ነው። ደብረ ማርቆስ ገበያ ውዬ ሉማሜ ቤቴ ስገባ፣ ከጓሮ ባሕር ዛፉ አጠገብ ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ አሸዋዬ እዚያ ውስጥ ተነጥፏል። ሙላት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ መሀሉ ላይ ቆሞ በመንሽ ያስተካክላል።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልሁት።

«ባንከር ነው፣ ኳስ የሚያጠምድ የአሸዋ ጉድጓድ» አለኝ፣ ደስ ብሎት። «ያለ ባንከር ምን ጎልፍ አለ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙላት ዕድሜውን የጨረሰው አዲስ አበባ፣ ጎልፍ ሜዳ ላይ ነው። መጀመሪያ የፈረንጆቹን ዱላ ተሸካሚ ነበር፣ ኋላ አሰልጣኝ ሆነ። አግብቶኝ፣ ልጃችንን ሂዊን ወልደን፣ እዚያው ኖርን። እናቴ ስትታመም ግን ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። «እንሂድ፣ ሥራነሽ» ያለኝ እሱ ነው፤ እኔ አፌን ሳልከፍት። ከእናቴ ቤት ገብተን አስታመምናት፣ ቀበርናት። ከዚያ በኋላ እኔ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም አልሁ። ከደጄ ስቆም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይታየኛል፤ እናቴ ያለችው እዚያ ግቢ ነው። ሙላትም «እሺ» አለ፤ የጓሮውን ግጦሽ አሳጭዶ ከዳር የወተት ዱቄት ጣሳ ቀበረ፣ የጎልፍ ቀዳዳ ነው ብሎ።

ጎረቤት መጀመሪያ ሳቀብን። አያ አንሙት ከአጥሩ ላይ ተደግፎ «ሙላት፣ የገና ጨዋታ ነው እንዴ? ታኅሣሥ ሳይገባ!» ይላል። እኔም ስቄ ነበር። ኋላ ከሰዓት በኋላ ሥራ ስፈታ ብድግ ብዬ አንድ ዱላ አነሣሁና አንዷን ኳስ ብመታት ከአጥር ወዲያ ሄደች። ሙላት እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ። «አንቺ ሴትዮ፣ ይኼን ክንድ እስከዛሬ የት ደብቀሽው ነበር?» አለኝ። በቃ፣ ያዘኝ።

ባንከሩ ግን አንገበገበኝ። ኳሷ እዚያ አሸዋ ውስጥ ከገባች አልወጣም ትላለች። እኔ ኳሷን ደኅና አድርጌ እመታለሁ፣ እሷ የጉድጓዱን አፍ ገጭታ እግሬ ሥር ተመልሳ ትወድቃለች።

«ኳሷን አትምቺያት» ይለኛል ሙላት።

«እና ምኑን ልምታ? አንተን?»

«ከኋላዋ ያለውን አሸዋ። አሸዋው ራሱ ተሸክሞ ያወጣልሻል። እግርሽን ቅበሪ፣ የዱላውን ፊት ወደ ሰማይ ክፈቺው፣ ከጀመርሽ ደግሞ መሀል ላይ አትፍሪ። ግማሽ አካሏ ከተቀበረ ግን ፊቱን ዝጊውና ወደ ታች ውቂው። ከአፉ ሥር ከተወሸቀችማ ወደ ጎን አውጫት። ፊት ለፊት ካልሆነ ብሎ መሟገት እልህ እንጂ ጨዋታ አይደለም።»

ይኼ ሁሉ ይሁን። የሚያጣላን ሌላ ነው። ባንከር ውስጥ ኳሷን ከመምታትሽ በፊት ዱላው አሸዋውን አይነካም። ከነካ ሁለት ምት ይጨመርብሻል። እኔ ደግሞ አባቴ አውድማ ላይ፣ የእህሉን ክምር በመንሽ ጫፍ መስቀል ሳይሠራበት አንዲት ቁና አያነሣም ነበር። ሊጥ ሳቦካ፣ ጠላ ስጠነስስ፣ መስቀል ካልሠራሁበት እጄ አይታዘዘኝም። አሸዋው ላይ ቆሜ ዱላዬን ስይዝ፣ ሳላስበው፣ ከኳሷ ኋላ በዱላው ጫፍ መስቀል አደርጋለሁ።

«ሁለት ቅጣት!» ይላል ሙላት ከዳር ቆሞ።

«መስቀል ይቀጣል እንዴ? አንተ አረመኔ!»

«መስቀሉ አይደለም፣ ዱላው ነው። በጣትሽ ግንባርሽ ላይ አማትቢ፣ ማን ከለከለሽ?»

«ማን አየኝ? ዳኛው የታለ?»

«እኛ ዳኛ የለንም። እያንዳንዱ የራሱ ዳኛ ነው። ራሱን ካልቀጣማ ምን ጨዋታ ይባላል?» ይልና አኩርፎ ወደ ቤት ይገባል። እንደዚህ ነው እንግዲህ ያገባሁት ሰውዬ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሂዊ ከአዲስ አበባ መጣች። ከምትኖርበት ግቢ ሁለት ክፍል ባዶ ሆኗል። «ኑና አብራችሁኝ ኑሩ። ደግሞ አባዬ፣ ጎልፍ ሜዳው በታክሲ ቅርብ ነው» አለች። ይኼን ስትል የሙላትን ፊት አየሁት። ወዲያው ፊቱን አዙሮ የማይሞቀውን እሳት መቆስቆስ ጀመረ። እኔ ግን አየሁት። ባርኔጣ አድርገው፣ እየሳቁ፣ «ሙላት! ሙላት!» እያሉ የሚጠሩት ጓደኞቹ ሁሉ እዚያ ናቸው። እዚህ ያለው አያ አንሙት ነው።

«እኔ የእናቴን ቤት ዘግቼ አልሄድም» አልሁ።

ሙላት ዱላዎቹን አውጥቶ ተቀመጠ። ቢሟገተኝ ይሻለኝ ነበር። ምሳ ሲነሣ በጨርቅ ይወለውላቸዋል፣ እራት ሲነሣ ይወለውላቸዋል። ሂዊ ከሁለታችን መሀል ተቀምጣ ስትሰለች፣ «በቃ! በጎልፍ ተጫወቱና ያሸነፈ ይወስን! ክፍሎቹን ለሌላ ሊያከራዩብኝ ነው» አለች።

«ጥሩ» አለ ሙላት።

«ጥሩ!» አልሁ እኔም፣ በእልህ። ከአሰልጣኝ ጋር ተወራርጄ! እርግጥ ነው ጉልበቱ ካስቸገረው ወዲህ አንዳንድ ቀን አሸንፈዋለሁ። ግን የእናት ቤት ይወራረዱበታል?

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወጣን። ከበሩ ድንጋይ ተነሥተን፣ በጥቂት ምት ጣሳው ውስጥ የከተተ ያሸንፋል። እኔ መታሁ፤ ኳሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ባንከር ውስጥ ጥልቅ። ሙላት መታ፤ ጉልበቱ ከዳውና የእሱም እዚያው ገባች። የእሱ መሀል ላይ አምራ ተቀምጣለች። የእኔ ከአፉ ሥር ተወሽቃለች።

እኔ ቀድሜ ገባሁ። እጄ ወደ መስቀሉ ሲሄድ በሌላው እጄ ያዝሁት። በጣቴ ግንባሬ ላይ አማተብሁ። ፊት ለፊት ልሞክረው ፈልጌ ነበር፣ ግን የሙላት ቃል ትዝ አለኝና ወደ ጎን አወጣኋት። ሣሩ ላይ ወጣች፤ ጣሳው ግን ገና ሩቅ ነው።

«እሰይ» አለ ሙላት፣ ቀስ ብሎ። ለራሱ መሸነፊያ ቢሆንም እንዲህ ነው፣ ደኅና ምት ሲያይ አያስችለውም።

እንግዲህ የእሱ ተራ። ከዚያ ቦታ ሙላት ዓይኑን ጨፍኖ ጣሳው ጥግ ያደርሳታል፤ አውቃለሁ። አለቀልኝ አልሁ። የእናቴን ማጀት፣ ጥቁር ዶሮዬን፣ ከማርያም የሚመጣውን የማሕሌት ድምፅ፣ ሁሉንም አንድ ጊዜ አሰብሁት። እንባዬን እንዳያይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞርሁ።

ስመለስ ሙላት እግሩን ቀብሮ፣ ዱላውን ይዞ፣ እኔን እያየ ነበር። ብዙ አየኝ። ከዚያ የዱላውን ጫፍ ቀስ አድርጎ አወረደና ከኳሷ ኋላ አሸዋው ላይ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስቀል ሠራ።

«አባዬ!» አለች ሂዊ።

መታት። አሸዋው ቦነነ፣ ኳሷ ብን ብላ ወጥታ ጣሳው አጠገብ ቁጭ አለች። እንዲህ ያለ ምት አይቼ አላውቅም።

«ሁለት ቅጣት» አለ ሙላት።

«አላየሁም» አልሁት። «ፊቴን አዙሬ ነበር። ምንም አላየሁም፣ ሙላቴ።»

«እኔ አይቻለሁ» አለኝ።

አልቅሼ አላባራሁም፤ ግን አልማርሁትም። በእንባዬ መሀል አንድ መታሁ፣ ሁለተኛዋ ጣሳው ውስጥ ቋ ብላ ገባች። እሱ ከነቅጣቱ በአምስት፣ እኔ በአራት ጨረስን፤ በአንድ ምት በለጥሁት። ሂዊ እየሳቀች ታለቅሳለች። አያ አንሙት ከአጥሩ ላይ «ማን አሸነፈ?» እያለ ይጣራል።

«ለምን አደረግኸው?» አልሁት፣ ቤት ስንገባ።

«ካንቺ ተጋብቶብኝ ነው» አለኝ፣ ጫማውን እያራገፈ።

«ውሸታም!» አልሁና አንገቱን አቀፍሁት፣ ልጅ ፊት፣ በስተርጅና። እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

ሙላት ከባንከር ሲወጣ የእግሩን ዱካ በመንሽ ሳያስተካክል አይወጣም ነበር፤ ያን ቀን ዱካውን አስተካክሎ መስቀሉን ዞሮት ወጣ፣ እስከ ዝናቡ ድረስ እዚያው ነበር። የኩሽናዬ ግድግዳ እስካሁን አልተለሰነም፣ እኔም አሸዋ አምጣ ብዬው አላውቅም። ትናንት ደግሞ ባንከር ውስጥ ገብቼ እጄ አመለጠኝ።

«ሁለት ቅጣት!» አለኝ ከዳር ቆሞ፣ ያለ አንዳች ርኅራኄ።